በገዛ ሰውነት ላይ ሙከራ፦ ቡናው ነው ወይስ ሌላ ነገር?

«ከሰዓት በኋላ ቡና ከጠጣሁ እንቅልፍ አይወስደኝም»፣ «የማሽላ እንጀራ ስኳሬን አይነካብኝም»፣ «ኮምቦልቻ ስወርድ ልቤ ይረጋል»። ወሎ ውስጥ እንዲህ የማይል ሰው ማግኘት ይከብዳል። ከሚባለው ውስጥ ከፊሉ እውነት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ አንድ ቀን የሆነ ነገር ሲወራ ሲወራ ሕግ ሆኖ የቀረ ነው። ሁለቱን ለመለየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ባለ ካሬ ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ የአንድ ብር ሳንቲም፣ 30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ከፋርማሲ የሚገዛ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ (መርፌው ይቅር)፣ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ የቤት ሰው እና የስድስት ሳምንት ትዕግሥት (አንድ ለዝግጅት፣ አምስት ለሙከራው) ይበቃል። ከሁሉም አስቸጋሪው ትዕግሥቱ ነው፤ ምስጢር ጠባቂውም ቀላል አይደለም።

ምን ይጠየቃል፣ ምን አይነካም

«ቡና ለጤናዬ ይበጀኛል ወይ?» ብሎ የተነሳ ሙከራ የትም አይደርስም። «ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ የምጠጣው ሁለት ሲኒ አቦል ማታ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ያለውን ጊዜ ያረዝመዋል ወይ?» የሚለው ግን ይፈተናል። የሚቀየረው ነገር አንድ ነው፤ መጠኑ፣ ሰዓቱና የሚለካው ነገርም ታውቋል።

ሌላው መመዘኛ ፍጥነት ነው። ቶሎ ሠርቶ ቶሎ ከሰውነት የሚወጣ ነገር ለቤት ሙከራ ይመቻል። ቡና፣ ወተት፣ የቀን እንቅልፍ፣ የእራት ሰዓት፦ የእነዚህ ውጤት በዕለቱ ይታያል፣ በማግስቱ ይጠፋል። ጨው መቀነስ በደም ግፊት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን በቅጡ እስኪታይ አራት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ በጨው፣ ነገ ያለ ጨው እያሉ ማፈራረቅ ድካም ብቻ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው በዕለቱ የሚያልቅ ነገር ነው።

ሐኪም ያዘዘው መድኃኒት አይነካም። የስኳር፣ የግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የቲቢ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት «እስቲ ሳምንት ልተወው» አይባልም። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ልጆች በዚህ ውስጥ የሉበትም። ኮሶ፣ መተሬና እንቆቆ ይቅሩ፤ አንዱ እፍኝ ከሌላው እፍኝ ጉልበቱ ስለሚለያይ መጠን አይያዝለትም፣ ኮሶ ሲበዛ ደግሞ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ጓያን «ምን ያህል እችላለሁ» ብሎ መሞከር በፍጹም አይታሰብ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታና ዳውንት በድርቅ ጊዜ ጓያ ዋና ምግብ ሆኖ የብዙ ሰው እግር ተሽመድምዶ ቀርቷል፤ አንዴ ከያዘ አይመለስም። ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ቆቦ ሰንብቶ የተመለሰ ሰው ካተኮሰው የወባ የደም ምርመራ ያድርግ፤ የፌጦ መሞከሪያ ጊዜ አይደለም።

መጀመሪያ ያለውን መለካት

አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት ፈሳሽ ጠጥቶ ራሱን አሳመመ። በዚህና በሌላው ሥራው ከሮቢን ዋረን ጋር በ2005 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሰው የሚያወራው መጠጣቱን ነው። ከሙያ አንጻር የሚደነቀው ግን ከመጠጣቱ በፊት ያደረገው ነው፦ ጨጓራው በመሣሪያ ታይቶ ጤነኛ መሆኑ ተረጋግጦ ነበር። ያ ባይሆን ኖሮ በኋላ የታየው ቁስለት አልባ የጨጓራ ብግነት «ድሮም ነበረብህ» ተብሎ ይቀር ነበር። የደፋሩን ሰው ድፍረት ተዉት፤ ቅደም ተከተሉን ውሰዱ።

ስለዚህ ምንም ሳትቀይሩ ሰባት ቀን ለኩ። በደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ስጡ፦ ቀን፣ የተኛችሁበት ሰዓት፣ የነቃችሁበት ሰዓት፣ ቡና (ስንት ሲኒ፣ ስንት ሰዓት)፣ ሻይ፣ ጫት፣ ጾም ወይም ፍስክ፣ ጉዞ፣ ልዩ ነገር። በእርሳስ አትጻፉ፤ የማይመች ቁጥር በላጲስ የሚጠፋው ሳይታወቅ ነው። በዚህ ሳምንት ውስጥ ቁጥሩ በራሱ ምን ያህል ከፍና ዝቅ እንደሚል ታያላችሁ። ያለ ምንም ለውጥ እንቅልፍ የሚወስዳችሁ አንዴ በ10፣ አንዴ በ40 ደቂቃ ከሆነ፣ በኋላ አንድ ቀን 35 ደቂቃ ስታዩ ቡናውን ለመክሰስ አትቸኩሉም።

ቀን መቁጠሪያው ያሳስታል

እዚህ አገር ሙከራን ከሚያበላሹ ነገሮች ዋናው ቀን መቁጠሪያው ነው። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ጥሉላት አይበላም፣ ምሳውም ይዘገያል። ሰኞና ሐሙስ ሱና የሚጾም ሰው ቀኑን ሙሉ አይቀምስም። ደሴ ሰኞ ገበያ ነው፤ የሚነግደውም የሚሸምተውም ሲዞር ይውላል። አንድ ግቢ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ስላለ የጎረቤት በዓልም ገበታችሁን ይነካል። «ሰኞ ቡና ጠጣሁ፣ ማክሰኞ ተውኩ» ብሎ ማነጻጸር ቡናን ከቡና አልባነት ጋር ብቻ አያወዳድርም፤ ገበያውም አብሮ ይገባል።

መፍትሔው ቀኖችን እንደ ጠባያቸው ማጣመር ነው። ረቡዕን ከዓርብ፣ ማክሰኞን ከሐሙስ አጣምሩ። ሰኞና ሐሙስ የሚጾም ሰው ግን በእነዚያ ቀናት 10 ሰዓት ላይ መጠጣት ስለማይችል ማክሰኞን ከረቡዕ ብቻ ያጣምር፤ በሳምንት አንድ ጥንድ ስለሚሆን አሥር ሳምንት ይፈጅበታል። ለሌላው ሰው በሳምንት ሁለት ጥንድ፣ በአምስት ሳምንት አሥር ጥንድ ይሞላል። ቅዳሜና እሑድን ለሠርግና ለማኅበር ተዉ። ሙከራውን በሁዳዴ መሐል፣ በፍልሰታ ወይም በረመዳን አትጀምሩ። ከፋሲካ ወይም ከዒድ በኋላም ቢያንስ አሥር ቀን ይለፍ፤ ለሁለት ወር ከሥጋ ርቆ የቆየ ሆድ ዶሮ ወጥ ሲያገኝ የሚያሳየው ጠባይ የማንም መለኪያ አይሆንም።

ቡናና እንቅልፍ፦ ሙሉው አሠራር

በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ከጠጣችሁት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ በደም ውስጥ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በአማካይ በየ5 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣ ሰው ማታ 4 ሰዓት ሲተኛ ግማሹን ሊጠጋ የሚችል ካፌይን ገና በሰውነቱ ውስጥ አለ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ላይ ይህ ጊዜ ወደ እጥፍ ይረዝማል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ላይ ወደ ግማሽ ያጥራል። ባልና ሚስት ከአንድ ጀበና ጠጥተው አንዱ ሲያንኮራፋ ሌላው ጣሪያ የሚቆጥረው አንዱ ስላጋነነ ላይሆን ይችላል።

የማይታወቅ መጠጥ ማዘጋጀት፦ ቡና መጠጣታችሁን ካወቃችሁ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ማወቁ ራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረዳታችሁ አሥር ቀን ቡና፣ አሥር ቀን የተቆላ ገብስ ያፈላላችኋል፤ የትኛው ቀን የቱ እንደሆነ እናንተ አታውቁም። ገብሱ ቡና እስኪመስል ድረስ ጠቆር ብሎ ይቆላ። በአንድ ሙቀጫ የሚወቀጥ ከሆነ ገብሱ ይቅደም፤ ቡና በተወቀጠበት ሙቀጫ ላይ የቀረ ዱቄት ወደ ገብሱ ይገባል። የሱቅ ሚዛን ለ30 ግራም አይታመንም። 300 ግራም ቡና እና 300 ግራም ገብስ አስመዝኑ፣ እያንዳንዱን በአሥር ትናንሽ ከረጢት እኩል አከፋፍሉ። አንድ ከረጢት ለግማሽ ሊትር ውሃ ነው፤ ውሃውን በሃይላንድ ፕላስቲክ መስፈር ይቻላል።

ጣዕሙን ለመሸፈን ጤና አዳም ይረዳል። በሁለቱም ቀን በየሲኒው አንድ ዘለላ ጤና አዳም ይግባ፤ ቡና በጨው የለመደ ሰው በሁለቱም ቀን አንድ ዓይነት ቁንጥር ጨው ይጨምር። ሲኒውን በሲሪንጁ ለኩት፤ የብዙ ቤት ሲኒ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል። 70 ሚሊ ሊትር ላይ በቀለም ምልክት አድርጉና ሁለት ሲኒ ብቻ ጠጡ። አቦሉን ብቻ ነው፤ ቶናና በረካ ከዚያው አተላ ላይ ስለሚፈሉ ጉልበታቸው ከቀን ቀን ይለያያል። የቀረውን የቤቱ ሰው ይጠጣው፣ ግን ስለ ጣዕሙ አንዲት ቃል አይተንፍስ። ብዙውን ጊዜ ምስጢሩን የሚያወጣው የልጆች ፊት ነው።

ዕጣው፦ በየጥንዱ መጀመሪያ ረዳቱ ብቻውን ሆኖ የአንድ ብር ሳንቲም ይወረውራል። አንበሳው ከወጣ የመጀመሪያው ቀን ቡና፣ ሁለተኛው ገብስ ይሆናል፤ ሚዛኑ ከወጣ ይገለበጣል። ውጤቱን ጽፎ ፖስታ ውስጥ ያሽገዋል። «እኔ ራሴ አዘበራርቄ እመርጣለሁ» የሚል ረዳት አትቀበሉ፤ ሰው ሲያዘበራርቅ ሳያውቀው ሥርዓት ይይዛል፣ እናንተም በሁለተኛው ሳምንት ትደርሱበታላችሁ።

ዕለቱ እንዲህ ይውላል።

1. ጧት የለመዳችሁት ቡና ይቀጥላል፤ መጠኑና ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ይሁን።
2. ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ሌላ ቡና፣ ሻይ፣ ኮካና ጫት የለም። የቡና ገለባ የሚፈላ ቤት ካለ ቀሽርም ካፌይን አለው።
3. 10 ሰዓት ላይ ሁለቱን ሲኒ ጠጡ፤ ወዲያው «ቡና ነው» ወይም «ገብስ ነው» ብላችሁ ግምታችሁን ጻፉ።
4. እራት ከ2 ሰዓት ሳያልፍ፣ መኝታ 4 ሰዓት፣ መነሻ ጧት 12 ሰዓት። ስልኩ ከሌላ ክፍል ይደር።
5. ጧት እንደነቃችሁ እንቅልፍ እስኪወስዳችሁ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ በ5 ደቂቃ ጠጋ አድርጋችሁ ገምቱ፤ ሌሊት ስንቴ እንደነቃችሁም ጻፉ። የሱብሂ አዛን ወይም የቅዳሴ ድምፅ የቀሰቀሳችሁን ለይታችሁ አስፍሩ።
6. ከጧቱ ቡና በፊት የማስመሪያውን ሙከራ ሥሩ።

ሌሊት ሰዓት እያዩ አትቁጠሩ። ሰዓት ማየቱ ራሱ እንቅልፍ ያባርራል። ግምታችሁ ከእውነተኛው በ10 ደቂቃ ሊዛነፍ ይችላል፤ የጠጣችሁትን እስካላወቃችሁ ድረስ ግን በሁለቱም ቀን በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሚዛነፍ ማነጻጸሩን አያፈርሰውም። ምስጢሩ ሲወጣ ነው የሚፈርሰው።

የጎረቤት ቡና ሲጠሩ መቅረት ወሎ ውስጥ ነውር ነው። አትቅሩ። ለቤቱ እመቤት አስቀድማችሁ «አምስት ሳምንት ብቻ ነው» በሏት፤ ሂዱ፣ ቁጭ በሉ፣ ቆሎውን ብሉ፣ ዱዓው ላይ አሚን በሉ፣ ሲኒው ብቻ ይለፋችሁ። ለቅሶ ወይም ድንገተኛ እንግዳ አንዱን ቀን ካበላሸው ጥንዱን በሙሉ ሰርዙና መጨረሻ ላይ ሌላ ጥንድ ጨምሩ። ይህን የምትወስኑት ግን ፖስታው ከመከፈቱ በፊት ነው።

ማስመሪያው

ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ እጃችሁ ከጠርዙ ወጣ ይበል። ረዳቱ ማስመሪያውን 30 ከሚለው ጫፍ ይዞ፣ ዜሮው በአውራ ጣታችሁና በጠቋሚ ጣታችሁ መካከል እንዲሆን ያንጠለጥለዋል። ጣቶቻችሁ በ2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከፈቱ። ከ2 እስከ 5 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ሳያስጠነቅቅ ይለቀዋል። ስትይዙት ከአውራ ጣታችሁ በላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። 10 ሴንቲ ሜትር ማለት 0.14 ሰከንድ፣ 15 ማለት 0.17 ገደማ፣ 20 ማለት 0.20፣ 25 ማለት 0.23 ነው።

በየጧቱ አሥር ጊዜ ይጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ለማሟሟቂያ ናቸው፣ አይቆጠሩም። የቀሩትን ሰባት ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መካከለኛውን፣ ማለትም አራተኛውን፣ ጻፉ። አማካይ አትውሰዱ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ማስመሪያው ካመለጣችሁ አማካዩ ይበላሻል፣ መካከለኛው ግን አይነቃነቅም። ስህተት የሚመጣው ከሦስት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ዓይናችሁ ከማስመሪያው ይልቅ የረዳቱን ጣት ያያል፤ ጣቱ ላይ ፎጣ ጣል አድርጉበት። ሁለተኛ፣ ረዳቱ በአንድ ምት መልቀቅ ይጀምራል፣ እናንተም ምቱን ትለምዱታላችሁ። ሦስተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ እየለመደ ስለሚፈጥን ቡና ያፈጠናችሁ ይመስላል። ለዚህ ነው ልምምዱ በሰባቱ የዝግጅት ቀናት ማለቅ ያለበት።

ፖስታው ሲከፈት

ዋናው መለኪያ የትኛው እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ። እዚህ ዋናው እንቅልፍ እስኪወስድ ያለው ጊዜ ነው፤ ማስመሪያውና የሌሊት መንቃቱ ደጋፊ ናቸው። አሥር ነገር ለክቶ የተለየውን አንዱን መርጦ «አገኘሁት» ማለት ራስን መሸንገል ነው።

በመጀመሪያ ግምታችሁን ቁጠሩ። ከ20 ቀን 15 ወይም ከዚያ በላይ በትክክል ገምታችሁ ከሆነ ጤና አዳሙ አልሸፈነውም፤ ሳታውቁት ስትጠጡ አልነበረም ማለት ነው። ከዚያ በየጥንዱ የቡናው ቀን እንቅልፍ ዘገየ ወይስ አልዘገየም የሚለውን ቁጠሩ። ቡና ምንም ባያደርግ ውጤቱ እንደ ሳንቲም ውርወራ ነው፦ ከአሥር ጥንድ 9 ወይም 10 በቡናው በኩል የሚወድቀው ከ100 አንድ ጊዜ ገደማ ብቻ ነው፣ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከ18 አንድ ጊዜ ገደማ፣ 7 ወይም ከዚያ በላይ ግን ከ6 አንድ ጊዜ ገደማ። ስለዚህ 9 ካገኛችሁ እመኑት፣ 8 ከሆነ አምስት ሳምንት ጨምሩ፣ 7 ከሆነ ምንም አላገኛችሁም። እኩል የሆነ ጥንድ ከቆጠራው ይውጣ።

መጠኑንም እዩ። 10 ለ 0 ወጥቶ ልዩነቱ 5 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ቡናችሁን በሰላም ጠጡ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው። «ቡና ጭራሽ ትቼ ልየው» የሚል ሰው ካቆመ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራሱን ያመዋል፤ ሕመሙ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይበረታል፣ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ሲኒ ጠጥቶ ሲሻለው «ሰውነቴ ቡና ይፈልጋል» ይላል። የሻለው ማቆሙ ያመጣው ሕመም ነው። የጧቱ ቡና ሳይነካ የከሰዓቱ ብቻ የሚቀያየረው በዚህ ምክንያት ነው። ጭራሹን መተው የሚፈልግ ሰው በየሦስት ቀኑ አንድ ሲኒ እየቀነሰ ይውረድ፣ ካቆመ በኋላ ያሉትን አሥር ቀናትም ከቆጠራ ያውጣ።

ልብ፣ ደሴና ኮምቦልቻ

የልብ ምት የሚቆጠረው በጠቋሚና በመሐል ጣት፣ ከአንጓ በአውራ ጣት በኩል ነው። በአውራ ጣት አትንኩ፤ የራሱ ምት ያሳስታል። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አንድ ምት ስትስቱ አራት ያሳስታችኋል፣ ስለዚህ ሙሉ 60 ሰከንድ ቁጠሩ። ጧት ከአልጋ ሳትነሱ።

የጉልበት ሙከራ ለሚፈልግ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የማይነቃነቅ የድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ደረጃ ላይ (በርጩማ አይሆንም፣ ይገለበጣል) በደቂቃ 24 ጊዜ እየወጡ እየወረዱ 3 ደቂቃ መሥራት፣ ወዲያው ቁጭ ብሎ የአንድ ደቂቃ ምት መቁጠር። ፍጥነቱን ለመጠበቅ በስልክ ላይ የሚጫን ምት ሰጪ በ96 አስተካክሉ፤ ለያንዳንዱ ምት አንድ እግር ነው። ደረት የወጋው፣ የዞረበት ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ይህን አይሥራ።

ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመሐላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ያንኑ ደረጃ መሞከር ያጓጓል። የደሴው አየር ግፊት ከኮምቦልቻው በ8 በመቶ ያህል ያነሰ ስለሆነ ልዩነት መጠበቁ ትክክል ነው። ችግሩ ስትወርዱ የሚለወጠው ከፍታው ብቻ አለመሆኑ ነው። ሙቀቱም ይጨምራል፣ ሙቀት ደግሞ ራሱ ምት ያፋጥናል። አንዱ ሲያወርድ ሌላው ሲያወጣ ቁጥሩ ምንም ያልተፈጠረ ሊመስል ይችላል። የተሻለው መንገድ ሁለቱም ቦታ ጧት 12 ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይሞቅ፣ እዚያው ካደሩ በኋላ መለካት ነው። ከሚኒባስ እንደወረዱ የሚወሰድ ቁጥር የመንገዱን ጠመዝማዛ እንጂ ከፍታውን አይለካም።

የደም ግፊት

መሣሪያው ክንድ ላይ የሚታሰር ይሁን። የእጅ አንጓው ዓይነት እጅ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲል ይሳሳታል። ሽንት ወጥታችሁ፣ ጀርባችሁን ተደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ መሬት አስነክታችሁ 5 ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዱ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፤ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ በ10 ሊጨምር ይችላል። በልብስ ላይ አትሰሩ፣ ጋቢም ቢሆን ይውለቅ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ጧትና ማታ ለሰባት ቀን፤ የመጀመሪያውን ቀን ጥላችሁ የቀረውን አማካይ ያዙ። ቤት የተለካ አማካይ 135/85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሙከራው ይቁምና ሐኪም ጋ ይኬድ። 180/120 ካለፈና ከ5 ደቂቃ በኋላም ካልወረደ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ደረት ማመም፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም አንድ ጎን መዛል ካለበት ደግሞ ድጋሚ መለካትም አያስፈልግም።

ቡና ከመጠጣት በፊት፣ ከ30 ደቂቃ፣ ከ60 ደቂቃና ከ2 ሰዓት በኋላ መለካት ጥሩ የአንድ ቀን ሙከራ ነው። ቡና ያልለመደ ሰው ላይ ግፊቱ ለጊዜው ይወጣል፤ ዕለት ዕለት የሚጠጣ ሰው ላይ ጭማሪው ያንሳል። ለዚህ ነው የአንዱ ቤት ውጤት ለጎረቤቱ የማይሠራው።

ሚዛን

ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ውሃ፣ ምግብና ሽንት ነው። ጧት ሽንት ወጥታችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ በአንድ ዓይነት ልብስ፣ በአንድ ሚዛን ብቻ ተመዘኑ። የሳምንቱን አማካይ ከሳምንቱ አማካይ ጋር እንጂ ዛሬን ከትናንት ጋር አታወዳድሩ። መንገድ ዳር ልጆች የሚያስመዝኑበት ሚዛን ላይ መመዘን ይቻላል፣ ግን ፈትሹት፦ ባዶ እጃችሁን ውጡበት፣ ከዚያ በውሃ የተሞላ ባለ 2 ሊትር ፕላስቲክ ይዛችሁ ውጡ። 2 ኪሎ ካልጨመረ ያንን ሚዛን ተዉት። ሚዛኑ ጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጥ፤ አፈርና ኮብልስቶን ላይ ውሸት ይናገራል።

ጤፍና ማሽላ

የስኳር መለኪያ ያለው ሰው ሁለቱን እንጀራ ማወዳደር ይችላል። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ እንክብል የሚወስድ ሰው ግን ያለ ሐኪሙ አይሞክር። እጅ በሳሙና ይታጠብና ይድረቅ፤ በለስ የላጠ ወይም ማንጎ የነካ ጣት የሐሰት ከፍተኛ ቁጥር ያወጣል። የሚወጋው የጣት ጎን ነው፤ መውጊያው ለአንድ ሰው፣ ለአንድ ጊዜ ነው፤ ደሙ የሚነካበት ስትሪፕም እንዲሁ።

150 ግራም እንጀራ፣ አንድ ዓይነት ሽሮ በአንድ ዓይነት ጭልፋ፣ በ15 ደቂቃ ተበልቶ ያልቅ። ከመብላት በፊት፣ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ ለኩ። እያንዳንዱ እንጀራ ሦስት ቀን፣ በድምሩ 18 ስትሪፕ። ሊጡ በሁለቱም እኩል ቀን ይቡካ። የዛሬ እንጀራ ከትናንት እንጀራ ጋር አይወዳደር፤ ያደረ እንጀራ ስታርቹ ስለሚጠነክር ከፊሉ ሳይፈጭ ያልፋል። መሣሪያው ራሱ እስከ 15 በመቶ ሊሳሳት ይችላል። 120 ሲያነብ እውነቱ ከ102 እስከ 138 ያለው ሊሆን ስለሚችል የ10 ነጥብ ልዩነት አይቶ ማሽላን ማወደስም ሆነ ጤፍን መውቀስ ተገቢ አይደለም። ምንም ሳይበሉ 126 እና ከዚያ በላይ ያነበበ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር።

ወተት

ትልቅ ሰው ሲሆኑ የወተት ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚቀንስባቸው ብዙ ናቸው። 250 ሚሊ ሊትር ወተት ውስጥ 12 ግራም ገደማ የወተት ስኳር አለ። ፍስክ በሆነ ቀን፣ ከእራት በኋላ 8 ሰዓት ያህል ምንም ሳትቀምሱ፣ የፈላና የበረደ ወተት ያን ያህል ጠጡ፤ ጥሬ ወተት በሽታ ያመጣል፣ ውጤቱንም ያሳስታል። ከዚያ ለ6 ሰዓት በየግማሽ ሰዓቱ የሆድ መነፋት፣ መጮህ፣ ቁርጠትና ተቅማጥ ከ0 እስከ 3 ስጡት። የወተት ስኳር ከሆነ ምልክቱ ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 2 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል። ከንፈር ካበጠ፣ ሰውነት ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ይህ ሌላ ነገር ነው፤ አለርጂ ነው፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው፣ አይደገምም።

ሦስት የወተት ቀን፣ ሦስት ያንኑ መጠን ውሃ የጠጣችሁበት ቀን፣ ሦስት የእርጎ ቀን አድርጉ፤ በየመሐሉ አንድ ቀን ይለፍ። ውሃው ለምን አስፈለገ? ባዶ ሆድ ጧት ጧት ያለ ወተትም ስለሚጮህ ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን አስቀድመው ስለሚበሉና በአንጀትም ስለሚያግዙ ወተት የማይስማማው ብዙ ሰው እርጎ ይችላል። ወተቱ ከከበዳችሁ ወደ 100 ሚሊ ሊትር አውርዱት፣ ቀጥሎም 250ውን በባዶ ሆድ ሳይሆን ከገንፎ ጋር፣ ግማሹን በመጀመሪያ ግማሹን በመጨረሻ አድርጋችሁ ለሦስት ቀን ሞክሩት፤ ብዙውን ጊዜ አንጀት የሚያስቸግረው ወተቱ ብቻውን በአንድ ጊዜ ሲወርድበት ነው።